እጀታዋን የያዘች እጅ

በሳንታ ሩፊና ከተማ መካኒኩ አርሴሲዮ ያልፈታው ጂፕ የለም ይባላል። ውሸት ነው። አንድ ነበር፤ የሂልዳርዶ።

ሂልዳርዶ ጂፑን ለሰው እጅ አይሰጥም። ራሱን በራሱ መካኒክ አድርጎ የሾመ ሰው ነው። የላላውን በሽቦ ያስራል፣ ሽቦው ካልያዘ ይጸልያል፣ ጸሎቱ ከዘገየ ከጎማው ሥር ድንጋይ ያደርጋል። በዚህ ብልሃት ከአባቱ የወረሳትን፣ በዕድሜ በሦስት ዓመት የምትበልጠውን ጂፕ ሁልጊዜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከአደባባዩ አስነስቶ ተራራው ላይ ወዳለችው ኤል ቱሪን መንደር ያወጣታል። ለስድስት ሰው በተሠራች መኪና አሥራ አራት ሰው፣ ሁለት ከረጢት ማዳበሪያ፣ የሙዝ ዘለላና አንዳንድ ቀን አሳማ ይሳፈራል። ለአሳማው ሙሉ ሒሳብ ይከፈላል፤ ከኋላ መከላከያው ላይ ቆሞ ለሚሄድ ሰው ግማሽ።

የፊት ወንበር ግን በገንዘብ አይገኝም። እዚያ አገር ደንቡ የታወቀ ነው፤ ከሾፌሩ ጎን የሚቀመጥ ቄስ፣ ነፍሰ ጡር ወይም አስተማሪ ነው። ቄሱ ኤል ቱሪን የሚወጡት በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። ነፍሰ ጡሮቹ መውረድ እንጂ መውጣት አያበዙም። ስለዚህ ሦስት ዓመት ሙሉ የፊት ወንበሩ የመምህርት ሉስዳሪ ነበር። ሉስዳሪ ደግሞ የአርሴሲዮ ሚስት ናት።

አርሴሲዮ በዚህ ይኮራ ነበር። ሚስቱ ጭቃ ሳይነካት፣ የሰው ክርን ሳይገፋት፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደ እመቤት ትወጣለች፤ ከሰዓት በኋላ እንደ እመቤት ትወርዳለች። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ሲኖሩ ስለ እሷ ተጨንቆ አያውቅም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት ለሌሎች ሰዎች የተተረተ ይመስለው ነበር።

ነገሩ የተበላሸው አንድ ማክሰኞ፣ መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ነው። አርሴሲዮ የፍሬን ሸራ ሊገዛ ተራ ሲጠብቅ ሽማግሌው ሳቱርኒኖ ገባ። ሳቱርኒኖ ኤል ቱሪን ላይ ትንሽ የቡና ማሳ አለው። ከሂልዳርዶ ጂፕ ኋላ ቆሞ ሲሄድ ሃያ ዓመት ሞልቶታል፤ ወንበር ሲለቁለት ተቀምጬ አገሬ አትታየኝም ይላል። ለቡና መፈልፈያ ማሽኑ አዲስ ስፕሪንግ ገዛና አሮጌውን ለአርሴሲዮ ሰጠው። መካኒክ ቁራጭ ብረት እንደማይንቅ ያውቃል።

«ውሰደው፤ በቅሎ ያስራል» አለው። ቀጥሎም፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው፣ «ባለቤትህን አመስግንልኝ። ትናንት እጇ ባይኖር ይሄኔ ወንዙ ውስጥ ዓሣ እየቆጠርን ነበር» አለ።

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። አርሴሲዮም ሳቀ። የምን እጅ ብሎ መጠየቅ ነበረበት፤ አልጠየቀም። ባል ሆኖ አለማወቅ አንድ ነገር ነው፤ መካኒክ ሆኖ አለማወቅ ግን ሰው ፊት አይነሳም። እንዲያው እንደሚያውቅ ሆኖ እየነካካ አስወራው፣ ሽማግሌውም ሳይቸገር ዘረገፈለት።

ጂፕ ሁለት ካምቢዮ አለው። የመጀመሪያውን ሁሉም ያውቀዋል። ሁለተኛው ትራንስፈር የሚባለው ነው፤ ከመጀመሪያው ኋላ የተለጠፈ የብረት ሳጥን። የሞተሩን ጉልበት ለፊትና ለኋላ ጎማ ያካፍላል፣ ዳገት ሲመጣ ደግሞ ከባዱን ማርሽ ያስገባል። የሱ ሁለት አጫጭር እጀታዎች ከወለሉ የሚወጡት በሾፌሩ ቀኝ ጉልበትና አጠገቡ በተቀመጠው ሰው ግራ ጉልበት መሀል ነው። ትራንስፈር ሲያረጅ የከባዱ ማርሽ እጀታ ዳገት መሀል ላይ ጧ ብላ ትወጣለች። ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው አይሰማም፣ ጂፑ ወደ መጣበት ይመለሳል። መድኃኒቱ ሁለት ነው። ወይ ትራንስፈሩን ፈትቶ ማደስ፣ ወይ እጀታዋን ጨብጦ የሚይዝ ሰው ማግኘት። ሾፌሩ ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው።

ከኤል ቱሪን በታች ያለው ዳገት በቅሎ አስለቃሽ ይባላል። አሥራ አንድ ጠመዝማዛ አለው፣ በግራ ገደል፣ በቀኝ የሚንሸራተት አፈር። የሂልዳርዶ እጀታ እዚያ ዳገት ላይ መዝለል ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል አለ ሳቱርኒኖ። ሁለት ዓመት ሙሉ የያዘቻት መምህርቷ ናት። ታዲያ እንዲህ ዓይነት አያያዝ አይቶ አያውቅም፤ እንደ ሕፃን ክንድ።

አርሴሲዮ የፍሬን ሸራውን ሳይገዛ ወጣ።

ያን ቀን ሚስቱ ስትመለስ እጇን አየ። ግራ መዳፏ ላይ፣ ከአውራ ጣቷ ሥር፣ አንድ ጠጣር ቦታ ነበረ። አዲስ ነገር አልነበረም። ያየው ካቻምና ነው፤ ጠይቋትም ነበር፣ የትምህርት ቤቱ የአትክልት ቦታ መቆፈሪያ ነው ብላው አልፏል። ሉስዳሪ ቀኝ እጇን የምትጠቀም ሴት ናት። ጠመኔ የምትይዘው በቀኟ ነው፣ ቢላ የምትይዘው በቀኟ ነው። መቆፈሪያ ብቻ በግራ የሚይዝ ሰው የት አገር አለ? ያኔ ይህን አላሰበም። አሁን አሰበው፣ ካሰበው በኋላ ደግሞ ሌላ ማሰብ አቃተው።

ቅናት እንደ ዘይት ፍሳሽ ነው። ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ጠዋት ወለሉ ላይ ይገኛል። ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ሰማያዊ መሀረቧን አገኘና አሸተተው። የካምቢዮ ዘይት ሸተተው፤ ከሞተር ዘይት በሩቅ የሚለይ፣ ወፍራም፣ ድኝ ድኝ የሚል። የመካኒክ ቤት ስለሆነ ትራሱም ዘይት ይሸታል፤ ለዚህ ነው ሁለት ዓመት ሙሉ ያላወቀው። እጀታዋ ከሥር ሙቀት ስለምትጠጣ በመሀረብ ጠቅልላ ነው የምትይዛት ማለት ነው።

ሉስዳሪ ምሳ ዕቃዋን አጥባ ደብተር ልታርም ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች። የምታርምበት ቀይ እስክሪብቶ ድሮ ሲጫኑት ቀጭ የሚል ነበር፤ አሁን አይልም፤ ጫፉ ወደ ውስጥ እየሸሸ በጣቷ ከኋላ እየገፋች ነው የምትጽፍበት። ሌላ ልግዛልሽ ብሏት ነበር ባለፈው ዓመት። ይሄው ይበቃኛል አለች። ሂልዳርዶ ስንት ጊዜ በመንገድ ያስቃት ይሆን እያለ የደብተሮቹን ክምር ሲያይ አመሸ።

በነጋታው ጠዋት የጋራዡን በር እየወለወለ አደባባዩን አየ። የጋራዥ በር ወልውሎ አያውቅም። ሂልዳርዶ ከጂፑ መስታወት ፊት ቆሞ ጸጉሩን በውሃ ያስተኛል። ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከሞተችበት ወር ጀምሮ ላቫንዳ የሚባል ሽቶ ይቀባል። ሉስዳሪ መጣች፣ እንደምን አደርክ አለችው፣ ገባች። ከዚያ አርሴሲዮ እስከ ዛሬ አይቶ ያላየውን ነገር አየ። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ አደረገችው። መሀረቡን ከኪሷ አወጣች። አጣጠፈችው። ለሥራ የሚዘጋጅ ሰው አጣጣፍ ነበር፤ እሱ ጓንት ሲያደርግ እንደሚያደርገው።

ሐሙስ ዕለት አደባባዩ ላይ ሂልዳርዶን አገኘውና ቅዳሜ ጂፑን እንዲያመጣ ነገረው። ትራንስፈሩ ይዘላል ሲባል ሰምቻለሁ አለው።

«ይዘላል እንኳን አይባልም» አለ ሂልዳርዶ። «ቁጭ ብድግ ይላል። ግን ለምደነዋል።»

«ለምደነዋል» የምትለው ቃል አርሴሲዮን ጆሮው ሥር ወጋችው። በነጻ እሠራልሃለሁ፣ ዕቃውን ብቻ ትገዛለህ አለ። ሂልዳርዶ አገጩን አከከ። ለጂፕ ሾፌር በነጻ የሚሠራ መካኒክ ማለት ለዶሮ የሚያዝን ቀበሮ ማለት ነው፤ ግን ዕድል በየቀኑ አይመጣም።

«መምህርትን አማክሬ ልንገርህ» አለ።

«መካኒኩ እኔ ነኝ።»

«እሱማ አንተ ነህ፣ ወንድሜ። ዳገቱን የምታውቀው ግን እሷ ናት።»

ወሬው ከአርሴሲዮ ቀድሞ ቤት ደረሰ። ሉስዳሪ ባቄላውን እያማሰለች፣ ዞር ሳትል፣ የሂልዳርዶን ጂፕ ልትፈታ ነው አሉ አለችው። ልፈታ ነው አለ። ባቄላው ከሚያስፈልገው በላይ ተማሰለ። ከዚያ፣ አሁን እኮ የቡና ለቀማ ወቅት ነው፣ ሰዉ መመላለሻ ያጣል፣ ከለቀማው በኋላ አይሻልም ወይ አለች።

«ከለቀማው በፊት ይሻላል» አለ አርሴሲዮ፤ ያን ቀን ባቄላውን ሳይበላ ተነሣ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጂፑ ጋራዥ ገባ። ሂልዳርዶ ቁልፉን ሲሰጥ ልጁን ለወታደር የሚሰጥ ሰው ይመስል ነበር። አርሴሲዮ በሩን ዘጋ፣ ከሥር ገባ፣ ዘይቱን ፈታ። ዘይቱ ጥቁር ሆኖ ወረደ፣ ውስጡ የዓሣ ቅርፊት የመሰለ የብረት ብናኝ ያብረቀርቃል። ሳጥኑን አወረደው፣ ጠረጴዛ ላይ አስተኛው፣ ከፈተው።

ዕድሜ የሚያደርገውን ሁሉ አድርጎበት ነበር። የመሀሉ ዘንግ ኩሽኔታው በሚሽከረከርበት ቦታ ተቦርቡሯል፤ ጥፍሩን ቢያስኬድበት ጥፍሩ ገባ። የነሐስ ሮንዴላዎቹ ቄሱ ምላስ ላይ ከሚያኖሯት የቁርባን ቂጣ ቀጥነዋል። የማርሾቹ ጥርስ ጫፍ ክብ ሆኗል። እስከዚህ ድረስ አርሴሲዮ አልተገረመም። ማርሹን የሚገፋውን ሹካ ሲያነሣ ግን እጁ ቆመ። ሹካው የተበላው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው። እንዲህ የሚሆነው አንድ ሰው ለረጅም ጊዜ፣ ሳያወላውል፣ ወደ አንድ ወገን ሲጫነው ነው። አርሴሲዮ ከብረት ላይ ጊዜ ያነባል፤ ሰው ከደብዳቤ ላይ ቀን እንደሚያነብ። ሁለት ዓመት አለ ብረቱ። ሳቱርኒኖ አልዋሸም። አንድም ቀን አልቀረችም።

ቀጥሎ እጀታዋ ከቦታዋ እንዳትወጣ የምታደርገውን ጥይት ፈለገ። አንዲት ትንሽ የብረት ኳስ ናት፤ ከላይዋ ጠንካራ ስፕሪንግ ይጫናታል፣ በላዩ ላይ ቡሎን ይዘጋል። ቡሎኑን ፈታ። ኳሷ ነበረች። ከላይዋ የወጣው ስፕሪንግ ግን የጂፕ ስፕሪንግ አልነበረም። ቀጭን፣ ረጅም፣ እንደ ጸጉር የሳሳ፤ አንደኛው ጫፉ ቀይ ቀለም ነክቶታል።

አርሴሲዮ ስፕሪንጉን መዳፉ ላይ አድርጎ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

ምን እንደሆነ ለማወቅ መካኒክነት አላስፈለገውም። ሂልዳርዶ መንገድ ላይ ቡሎኑን ፈትቶ ነካክቷል፣ ዋናው ስፕሪንግ ሣር ውስጥ ጠፍቷል፣ አጠገቡ የቆመችው ሴት ቦርሳዋን ከፍታ ከእስክሪብቶዋ ስፕሪንጉን አውጥታለታለች። ሠርቷል ብለው ተሳስቀዋል። የእስክሪብቶ ስፕሪንግ ያን ኳስ ሊይዝ አይችልም፤ ስለዚህ በእጇ ያዘች። እሱ ቤት ውስጥ ቀጭ በማይል እስክሪብቶ ሲታረም ያየው ደብተር ሁሉ የዚህች ሽቦ ዋጋ ነበር። ከሚስቱ ዕቃ አንዲቱ የሌላ ሰው ጂፕ ሆድ ውስጥ ሁለት ዓመት ስትኖር እሱ ሌላ ልግዛልሽ ይል ነበር።

እሑድ ጠዋት፣ ደወሉ ለቅዳሴ ሲደወል፣ አዲሶቹን ዕቃዎች ደረደረ፤ አዲስ ዘንግ፣ አዲስ ኩሽኔታ፣ አዲስ ሮንዴላ፣ አዲስ ሹካ። ከነሱ ጎን አሮጌዎቹ ተኝተዋል። አንድ አሮጌ ሮንዴላ አነሣ። ይህችን አንዷን መልሶ ቢያስገባት ማንም አያይም። ትራንስፈሩ አንድ ወር ደህና ሄዶ ከዚያ እንደገና መዝለል ይጀምራል፤ ሂልዳርዶ በሰው ፊት ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ላቫንዳውም ጸጉሩም አያድነውም። ይህን ሐሳብ ለጥቂት ጊዜ እንደ ከረሜላ አላመጠው። ከዚያ የፊት ወንበር ላይ ማን እንደሚቀመጥ ትዝ አለውና ሮንዴላዋን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ወረወራት።

ያን ጊዜ የመጣለት ሐሳብ ግን ከዚያ የባሰ ነበር፤ ደግ ይመስል ነበርና። ትራንስፈሩን የማንም እጅ እንዳያስፈልገው አድርጎ ይሠራዋል። ሁሉን በልኩ ገጠመ፣ መፈተሻ ስስ ብረቱን እያስገባ ክፍተቱን ሦስት ጊዜ ለካ። ስፕሪንጉ ጋ ሲደርስ ለዚያ ቦታ የተሠራው አዲስ ስፕሪንግ እጁ ላይ ነበር። አየው። ትንሽ መሰለው። የሳቱርኒኖን የቡና መፈልፈያ ስፕሪንግ ከኪሱ አወጣ፣ በልኩ ቆረጠ፣ ኳሷ ላይ አስቀመጠ፣ ቡሎኑን በሁለት እጁ አጠበቀ። በቅሎ ያስራል ተብሏል። ይሰር።

በዚያ አገር ትራንስፈር ያደሰ መካኒክ ጂፑን ያለ ጭነት ፈትኖ አያስረክብም፤ ሙሉ ተሳፋሪ ተጭኖ፣ መካኒኩ አብሮ ይወጣል። ከወደቁም አብሮ ይወድቃል፤ ይህ ሥራውን ያስተካክለዋል ተብሎ ይታመናል። ሰኞ ጠዋት አርሴሲዮ አደባባዩ ላይ ተገኘ። የፊት ወንበሩ የመምህርቷ ስለሆነ ከሳቱርኒኖ ጎን የኋላ መከላከያው ላይ ቆመ። ሽማግሌው ቦታ እያጠበበ፣ ግማሽ ሒሳብ ነው፣ እንዳያታልሉህ አለው።

እግረ ዳገቱ ላይ ሂልዳርዶ ጂፑን አቆመ። አርሴሲዮ በተሳፋሪዎቹ ባርኔጣ መሀል አንገቱን አሰገገ። ሂልዳርዶ እጀታዋን ያዘ፣ ሳበ። አልመጣችም። ፈገግ ብሎ እንደገና ሳበ። የአንገቱ ሥር ተገተረ፤ እጀታዋ እንደ አጥር ምሰሶ ቆማለች። ከተሳፋሪው ሁሉ አንድ አሳማ ብቻ ይናገር ነበር።

ሉስዳሪ ግራ እጇን ሰደደችና በሂልዳርዶ እጅ ላይ ደረበችው። ከዚያ ቀኝ እጇን አመጣች። ሂልዳርዶም መሪውን ለቆ ሁለተኛ እጁን ጨመረ። አራት እጅ።

«በሦስት» አለች ሉስዳሪ፣ ክፍል ውስጥ እንደምትለው። «አንድ፣ ሁለት…»

ትከሻቸው ተጋጨ፣ ጉንጫቸው ሊነካካ ደረሰ፣ እጀታዋ ቀጭ ብላ ገባች። ጂፑ ውስጥ ጭብጨባ ሆነ። አርሴሲዮ ከኋላ፣ ግማሽ ሒሳብ በሚከፈልበት ቦታ ቆሞ፣ ሁለት ዓመት በአንድ እጅ ሲሠራ የነበረውን ሥራ በገዛ ጥበቡ ወደ አራት እጅ እንዳሳደገው ተመለከተ።

«ጠንካራ ስፕሪንግ ነው» አለ ሳቱርኒኖ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የኔው ነው እንዴ?»

ጂፑ ዳገቱን እንደ ጸሎት ወጣው። አንድም ጊዜ አልዘለለም። አሥራ አንዱንም ጠመዝማዛ አርሴሲዮ ያየው ገደሉን ሳይሆን የሚስቱን ግራ እጅ ነበር። ጭኗ ላይ ተቀምጧል፣ መሀረቡ ውስጡ አለ፤ በየጠመዝማዛው ይጨበጣል፣ ይከፈታል፣ የሚይዘው አጥቶ እንደገና ይጨበጣል። ሌላ ጊዜ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ፊት ወንበሩ ያይ ነበር አሉ። ዛሬ ስለ ሙዝ ዋጋ ያወራሉ።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሉስዳሪ ወረደች፣ ተማሪዎቹን ግቡ አለቻቸው። አርሴሲዮ ተከትሏት ሄደ። ኪሱ ውስጥ የነበረውን ቀጭን ስፕሪንግ አወጣና መዳፉን ዘረጋላት። አየችው። አልደነገጠችም፤ ይህም አበሸቀው።

«መቆፈሪያ ነው ብለሽኝ ነበር» አለ።

«ብዬሃለሁ።»

«ለምን?»

«ብነግርህ ትሠራው ነበራ፣ ዶን አርሴሲዮ።» ዶን የምትለው ስትቆጣ ብቻ ነው።

«ሥራዬ እኮ ነው።»

«ለዚህ ነው ያልነገርኩህ።»

ላቫንዳ ከሚሸት ሰው ጎን መቀመጥ ይህን ያህል ይጣፍጣል ወይ ብሎ ጠየቃት። ብዙ ወር ሲያብሰለስል የኖረ ያህል ከአፉ ወጣ፤ ያብሰለሰለው ስድስት ቀን ብቻ ነው። ሉስዳሪ በመጀመሪያ አልገባትም። ከገባት በኋላ ሳቅ ሊያመልጣት ደረሰ፣ ግን አልሳቀችም።

«ሂልዳርዶ?» አለች። «ሂልዳርዶ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ጉልበቱ ሕመም ነው ያወራኝ። አንተ ሰውዬ፣ እዚያ ዳገት ላይ አሥራ አራት ሰው ትንፋሹን ይዞ የሚያየው የኔን እጅ ነበር። ክፍል ውስጥ እንኳ እንደዚያ የሚያየኝ የለም። ቤታችን ውስጥ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት መፍቻ አቀብይኝ ስባል ኖርኩ እንጂ፣ አንቺ ያዢው ያለኝ የለም።»

ደወል ደወለችና ገባች።

አርሴሲዮ መንገዱ ዳር ቆሞ ቀረ። ሰው ቢሆን ይሻለው ነበር። ሰው ይጠላል፣ ሰው ይሰደባል፣ የሰው ጎማ ይተነፍሳል። ከአንድ ክንድ በማትረዝም እጀታ የሚቀና ባል ለማን አቤት ይላል?

ሲወርዱ ጂፑ ባዶ ነበርና የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሂልዳርዶ ጠመዝማዛዎቹን ከወረዱ በኋላ፣ ጎበዝ መካኒክ ነህ አለው። «ግን እንግዲህ ዳገቱን ብቻዬን ልወጣው ነው» ሲል ጨመረ፣ መስታወቱን እያስተካከለ። አርሴሲዮ ወደ እሱ ዞሮ ለረጅም ጊዜ አየው። ይህ ንግግር ስለ ጉልበት ሕመም አይመስልም ነበር። ሆኖም ሊጨብጠው የሚችል ነገር አላገኘበትም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቡሎኑን ፈታ፣ የቡና መፈልፈያውን ስፕሪንግ አወጣ፣ ለቦታው የተሠራውን አስገባ። እጀታዋ አሁን በሁለት ጣት ትገባለች፣ ገብታም አትወጣም። የሚገባውን ሠራ። ማንም አላጨበጨበለትም።

ማታ ሉስዳሪ ልታርም ስትቀመጥ ቀጭኗ ስፕሪንግ ከደብተሮቹ ላይ ተቀምጣ ነበር። እስክሪብቶውን ፈታች፣ አስገባች፣ ገጠመች። ቀጭ አለ። አንድ ደብተር አረመች፣ ቀጭ አደረገች፣ ሌላ አረመች፣ ቀጭ። አርሴሲዮ እያንዳንዱን ይሰማ ነበር።

«የጋራዡ ጂፕ፣ የራሳችን፣ ይሄዳል?» አለች፣ ቀና ሳትል።

ይሄዳል አላት።

«እሑድ በቅሎ አስለቃሽን እወጣዋለሁ። መሪው ጋ የምቀመጠው እኔ ነኝ።»

መሪ ይዘሽ አታውቂም ሊል ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት ለምን እንዳልያዘች የሚጠየቀው ራሱ እንደሆነ ትዝ አለውና ተወው። የዚያ ጂፕ ትራንስፈር ደህና ነው፣ የሚይዘው ሰው አያስፈልገውም አለ ብቻ። እሷም፣ ታዲያ አንተ እጅህን ምን ታደርገዋለህ አለችው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰፊው ሜዳ ላይ አራት ጊዜ ሞተሩ ከጠፋባት በኋላ፣ አምስተኛው ላይ አስነሥታ ወጣች። አርሴሲዮ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የቄስ፣ የነፍሰ ጡርና የአስተማሪ ቦታ ላይ ተቀምጦ ዳገት ወጣ። ሰባተኛው ጠመዝማዛ ላይ ሂልዳርዶ ለቀማ ሠራተኞች ጭኖ ሲወርድ ተገናኙ። መንገዱ ለሁለት አይበቃምና ሂልዳርዶ ወደ አፈሩ ተጠግቶ ቆመላት፣ ባርኔጣውን አነሣላት። ሉስዳሪ መሪውን ስለያዘች እጇን አላነሣችም፤ አገጯን ብቻ ነቀነቀች። ከኋላ የቆመው ሳቱርኒኖ አርሴሲዮን አየና፣ አንተ ደግሞ የስንት ወር ነህ አለው። ሠራተኞቹ ሳቁ።

አርሴሲዮ ሂልዳርዶ ባርኔጣውን ስንት ጊዜ እንዳነሣ ቆጠረ። አንድ ጊዜ ነው። ረዘም ያለ አንድ ጊዜ።

ዘጠነኛው ጠመዝማዛ ላይ ጂፑ ድንጋይ ረግጦ ነጠረ። የአርሴሲዮ ግራ እጅ ሄዶ እጀታዋን ጨበጠ። ሙቅ ነበረች።

«አትያዛት» አለች ሉስዳሪ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል። «አትወጣም።»

«አውቃለሁ» አለ። «እኔ ነኝ የሠራኋት።»

እስከ ላይ ድረስ አልለቀቃትም።